ከማድ ቤት የሚሰማ ቴሌቪዥን

ያደግኩት አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ፣ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን የነበረው አንዱ ቤት ብቻ ስለነበር ማታ ማታ የግቢው ልጆች ሁሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። እናቴ መጥታ ስትቀመጥ አላስታውስም። ማድ ቤት ሆና ወጡን እያማሰለች፣ በተከፈተው መስኮት የሚመጣውን ድምፅ ትሰማ ነበር። ዜና ሊጀምር ሲል ታውቃለች፤ ድራማ ሲገባ ታውቃለች። «ተነስ፣ ጀምሯል» ብላ የምትሰደኝ እሷ ነበረች። ምስሉን ሳታይ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንደታረቀ በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ኪቦርድና ክራር ተጫዋች ነኝ። ለቴሌቪዥን ድራማና ለማስታወቂያ ማጀቢያ ሙዚቃ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የምሠራው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ነው። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆኑ ወጣቶች ብቅ እያሉ ከየት ልጀምር ብለው ይጠይቁኛል። ስለ መሣሪያና ስለ ሶፍትዌር እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠይቃቸው እቤታቸው ቴሌቪዥን ሲከፈት ማን የት እንደሚሆን ነው። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዱ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ አባት ስልክ ያወራል። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ብዙውን ሰዓት ጀርባውን ለሰጠ ሰው ነው የሚጫወተው። ማጀቢያ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ይህንን ሰው በልቡ ይዞ ካልሠራ ሥራው ግማሽ ነው።

ልጅ ሳለሁ ዝግጅት ከዝግጅት ሲለዋወጥ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ይለቀቅ ነበር። እኛ እንዲህ ያለውን ሁሉ «ክላሲካል» እንላለን፤ ሞዛርትም ዋልያስ ባንድም በዚያው ስም ይጠራሉ። ይህን አጠራር የሚያርሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ዘፈኑ ቢወጣለትም ሙዚቃው ራሱን ችሎ ይቆማል የሚል አክብሮት ይሰማኛልና። ያንን ሙዚቃ እየሰማሁ አደግኩ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ፒያሳ አንድ ካሴት ቤት ገብቼ ለሻጩ ዜማውን በአፌ አንጎራጎርኩለት። ሳልጨርስ ከመደርደሪያው ካሴት አወረደ። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ መሆኑን፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ይጫወት እንደነበር ያን ቀን አወቅኩ። ኃይሉ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የድሮ ሥራውን እንደገና ሲያወጣው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እኔ ያንን ጣት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን ማንም አልነገረኝም። ስም ስለመጻፍ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተማርኩ። ቅዳሜ ማታ የውጭ ፊልም ይታያል። የአንዱን ፊልም ዜማ በቃሌ ይዤ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሙዚቃ በካሴት ስሰማው ዝቅ ያለና የዘገየ ሆኖ አገኘሁት። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ምክንያቱን የተረዳሁት ስቱዲዮ ከገባሁ በኋላ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ እኛ ያደግንበት፣ ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ 25። ፊልሙን ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጁት ብዙ ጊዜ በቀጥታ ትንሽ አፍጥነው ይለቁታል። ፍጥነቱ በመቶ 4 ያህል ይጨምራል፤ ድምፁም ግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከፍ ይላል። ማንም አያስተውለውም። ከእኔ ትውልድ ሙዚቀኞች መካከል ግን የፊልም ዜማ ከቴሌቪዥን እየሰማ መሣሪያ የተማረ ሁሉ ከፍ ባለው ድምፅ ነው የተማረው።

ይህ ነገር በራሴ ሥራ ላይ ደረሰብኝ። የመጀመሪያው ድራማዬ የመግቢያ ሙዚቃ 30 ሰከንድ ነበር፤ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ። ፋይሉን ያስረከብኩት ለሲዲ በተለመደው መለኪያ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ነበር፤ ናሙና ማለት ድምፅ ሲቀረጽ በየቅጽበቱ የሚወሰድ ልኬት ነው። ቪዲዮ የሚሠራው በ48,000 ነው። የምስል ቅንብሩን የሠራው ሰው ሳይለውጥ እንዳለ አስገባው፤ ስለዚህ ናሙናዎቹ ከተቀረጹበት በበለጠ ፍጥነት ተጫወቱ። ድራማው በተላለፈበት ምሽት ፒያሳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አቅራቢያ ካለች ቡና ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ ሙዚቃዬ እየሮጠ መጣ። 30 ሰከንዱ 27 ሰከንድ ተኩል ሆኗል። የድምፁ ከፍታ የአንድ ሙሉ ድምፅ ሦስት አራተኛ ያህል ወጥቷል፤ ዋሽንቱ የሕፃን ፉጨት መስሏል። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ያኔ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ስኒ የምታጥብ ልጅ ዞር ሳትል «ውይ፣ ትዝታ ነው» አለች።

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። ፍጥነቱ ተበላሽቷል፣ የመሣሪያው ድምፅ ተበላሽቷል፣ ቅኝቱ ግን አልተበላሸም። ቅኝት በድምፆች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ ሁሉም አብረው ከፍ ካሉ ርቀቱ አይለወጥም። ጆሮአችን የሚያውቀው ያንን ርቀት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ሁለት ነገር እነግረዋለሁ፦ ለቪዲዮ ፋይልህን በ48,000 አስረክብ፣ ከማስረከብህ በፊት ደግሞ ቅኝትህን በትክክል ምረጥ። የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ ካወቁት አይረሳም። ሁለተኛው ዕድሜ ይፈጃል።

ኪቦርድ ያለው ሰው ይህንን ይሞክር። ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ይዞ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይምታ፤ ላ ላይ ይረፍ። ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳይለውጥ ከሚ ይጀምር፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ሚ ላይ ይረፍ። አምባሰል ሆነ። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ የተለወጠው ማረፊያው ነው። ትዝታ ማይነር ሰው የናፈቀ ሰው ነው። አምባሰል በእኔ ጆሮ ከዚያ ይከብዳል፤ ታሪክ፣ ሞት፣ ቃል ኪዳን ያለበት ነው። በአንድ ድራማ ውስጥ ሴትየዋ ልጇን እያሰበች ጀምራ መርዶ ወደምትሰማበት ትዕይንት ስትገባ ክራሩን እንደገና ሳልቃኝ፣ ሙዚቃውን ሳላቋርጥ፣ ማረፊያውን ብቻ ከላ ወደ ሚ አዞርኩት። አዘጋጁ ምን እንዳደረግኩ አልገባውም፤ «እዚህ ጋ ብርድ ብርድ አለኝ» ብቻ ነው ያለው። ከውጭ ፊልም ቫዮሊን ቀድቶ ከመለጠፍ በፊት ይህ በእጃችን እንዳለ ወጣቶቹ እንዲያውቁ አጥብቄ እመኛለሁ።

ስለ መሣሪያዎቹም ልናገር፤ በስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ አምሮ የተሰማው ነገር በሳሎን ቴሌቪዥን አይገኝም። የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ትንሽ ነው፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ከሞላ ጎደል አያወጣውም። የከበሮ ትልቁ ፊት እዚያ ስለሚውል ይጠፋል፤ የሚሰማው ትንሹ ፊትና ጭብጨባው ነው። ስለዚህ ምቱን የሚነግረው ትንሹ ፊት እንዲሆን አድርጌ እቀርጻለሁ። መሰንቆ ሌላ ችግር አለው። ድምፁ ሳይቆራረጥ ይዘረጋል፣ የሚዘረጋውም የሰው ድምፅ ባለበት ቦታ ነው። ተዋናይ ሲናገር ከሥሩ መሰንቆ ካስገባህ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የተናገረ ያህል ነው፤ ማድ ቤት ያለችው እናት አንዱንም አትሰማም። ክራር ግን ተነክቶ ይሞታል፤ በንክኪና በንክኪ መካከል ቃል ይገባበታል። ንግግር ሲበዛ ክራር፣ ተዋናዩ ዝም ሲል መሰንቆ፤ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ተዋናዩም ካሜራውም ዝም ሲሉ ደግሞ ምንም አላስገባም። ይህንን ለአዘጋጆች ማስረዳት ከሁሉም ይከብዳል፤ ዝምታን የከፈሉበትና ያልተሠራ ሥራ አድርገው ያዩታል። በእኛ ቤት ግን ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ ነው ሰው ከማድ ቤት አንገቱን የሚያወጣው።

በገናን በሚመለከት ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ። አንድ ጊዜ የድምፅ ባለሙያው የበገናውን እዝታ (እንደ ንብ እዝ የሚለውን ድምፅ) እንደ ብልሽት ቆጥሮ በማጣሪያ አጠፋው። በገና አሥር አውታር አለው፤ በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራ የሚባሉት፣ ያንን እዝታ የሚፈጥሩት ሆን ተብሎ ነው። እሱ ሲጠፋ በገናው ድምፁ የታፈነ ጊታር ሆነ። ባለሙያውን አልወቅስም፤ ማንም አላስተማረውም። ከዚያ ወዲህ በገና ሲኖር ከቀራጩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አዘጋጁ አንድ ወጣት ከፍቅረኛው ሲለይ በሚያለቅስበት ትዕይንት በገና ፈለገ። ድምፁ ያሳዝናል ብሎ ነው። ቀረጻው ቦታ ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ፤ ሙከራውን ሲሰሙ ጀበናቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የዐቢይ ጾም ነው እኮ። ከፈጣሪ ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ለዚህ ልጅ እንዴት ታደርገዋለህ?»

«እማማ፣ አዘጋጁ ነው ያለኝ።»

«እሱ ባያውቅ አንተ አታውቅም?»

አውቅ ነበር። አውጥቼ በዋሽንት ተካሁት። የጾም ሰሞን በየሬዲዮው በገና እየሰማ ያደገ ሰው ያንን እዝታ ሲሰማ ልቡ ወደ ጸሎት ይሄዳል፤ በዚያ ቅጽበት ከድራማው ይወጣል። መሣሪያዎቻችን ሁሉ ታሪካቸውን ይዘው ነው የሚገቡት፤ ሙዚቀኛው ያንን ታሪክ ካላወቀ አዘጋጁ ያውቃል ብሎ መጠበቅ አይችልም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች ከተማውን ሞሉት። ድራማ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም የሚለወጠው ንግግሩ ብቻ ነው፤ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ በተለየ ትራክ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ በዚያ ላይ አዲሱ ንግግር ይቀረጻል። ስለዚህ ተዋናዮቹ አማርኛ እየተናገሩ ሙዚቃው የኢስታንቡል ሆኖ ቀረ። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ አዘጋጆች «እንደ ቱርኮቹ አድርግልኝ» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። የቱርክ ሙዚቃ ከግማሽ ድምፅ ያነሱ ርቀቶች አሉት፤ ያ የእኛ አይደለም፣ ብንቀዳውም አያምርብንም። አዘጋጆቹ የወደዱት ግን ያንን አልነበረም። የወደዱት ሙዚቃው የማይቸኩል መሆኑን፣ አንድ ገጸ ባሕርይ በመጣ ቁጥር አንድ ዜማ ተመልሶ መምጣቱን ነበር። ይህንን እኔም ማድረግ እችላለሁ። ለእያንዳንዱ ዋና ሰው አራት ወይም አምስት ድምፅ ያላት አጭር ዜማ ሠርቼ፣ ባቲ ማይነር በሚባለው ቅኝት፣ ክራር ከስሱ ኪቦርድ ጋር ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ «እንደ ቱርኮቹ» የሚል ሰው ሲመጣ የትኛውን ትዕይንት እንደወደደ አስከፍቼ አብሬው እሰማለሁ። ደንበኛ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ስሙን ብቻ ነው የማያውቀው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ሙዚቃም አለን። ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ተጠቀመ። እኔን የነካኝ አገባቡ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያ የሆነ ጎረቤት ለዋናው ሰው ለመንገዱ የሚሆን ሲዲ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየው በመኪናው ይከፍተዋል፤ ሙላቱ መንገዱን ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሙዚቃው ከሰው እጅ የመጣ ስጦታ ሆኖ ነው የገባው፤ ተመልካቹም ከገጸ ባሕርዩ ጋር ይሰማዋል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ፣ በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ስለሚኖሩ ጥቁር ሴቶች በሚተርክ ፊልም ውስጥ ይሰማል። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። ፊልሙ ከኢትዮጵያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ፒያኖው ግን የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ብቸኝነት የተሸከመ ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ አዘጋጆች እነዚህን ሁለት ሥራዎች ቢያዩ ደስ ይለኛል። ለእኛ ድራማ የውጭ ሙዚቃ ሲለጥፉ፣ የውጭ ሰው ለራሱ ድራማ የእኛን እየፈለገ ነው።

አሁን ወደ ስም ልመለስ። ከሠራኋቸው የመግቢያ ሙዚቃዎች አንዱ ለአንድ ዙር ብቻ ተብሎ በቃል የተስማማሁበት ነበር። ድራማው ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ሲቀጥል ያው ሙዚቃ ቀጠለ፤ ለእኔ የተከፈለኝ ነገር የለም፤ ስሜም ከመጨረሻው ዝርዝር ወጣ። ስጠይቅ «ገዝተነዋል» ተባልኩ። ወረቀት አልነበረኝም። ስድስት ወር ተከራክሬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሕጉን ገዝቼ አነበብኩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሥራውን ያመነጨ ሰው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት አለው። መብቱ ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ስምህ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ደግሞ የሞራል መብት ነው፤ ገንዘብ ተቀበልክም አልተቀበልክም ያንተ ነው።

ስለዚህ አሁን አንድ ገጽ ወረቀት ሳልፈርም ክራሬን አላወጣም። በዚያ ገጽ ላይ ሙዚቃው ለየትኛው ድራማ፣ ለስንት ዙር፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በኢንተርኔትም ይሁን አይሁን፣ ስሜ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ በምን መልክ እንደሚጻፍ ይቀመጣል። ዋሽንት የተጫወተው ልጅም ስሙ አብሮ ይገባል። የድሮ ዘፈን እንደገና ሠርተህ ድራማ ውስጥ ልታስገባ ከሆነ ደግሞ ድምፃዊውን ማስፈቀድ ብቻ አይበቃም፤ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሠርተውት ሊሆን ይችላል። ጓደኛ ከጓደኛ ጋር ሲሠራ ወረቀት ማውጣት ያሳፍራል፤ ይገባኛል። እኔ ያንን ሥራ የሠራሁት ከጓደኛዬ ጋር ነበር፤ ዛሬ አንነጋገርም። ወረቀት ቢኖረን ኖሮ እስከ ዛሬ አብረን እንሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። አንድ ሥራ ከማስረከቤ በፊት ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን እከፍተዋለሁ፤ እሷ ማድ ቤት ናት። ምን እንደሆነ አልነግራትም። ባለፈው ወር በልጅነታቸው ተለያይተው ስለሚፈላለጉ ሁለት እህትማማቾች የሚተርክ ድራማ መግቢያ ሠርቼ ነበር፤ በጣም የወደድኩት ሥራ ነው። ከፈትኩትና ጠበቅኩ። ሙዚቃው ሲያልቅ ድምፅዋ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ። እህትማማቾች ናቸው፤ እየተፈላለጉ ነው።»

ጥቂት ዝም አለች። የማማሰያውን ድምፅ ሰማሁ።

«ታዲያ ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም?»

ሌሊቱን ስቱዲዮ ተመልሼ ማረፊያውን ከሚ ወደ ላ አዞርኩት።